ዝናቡ ጉና ላይ፣ ጎርፉ እኛ ደጅ

ጎርፉ በመጣብን ሌሊት እኛ መንደር ዝናብ አልነበረም። ማታ ትንሽ ካፊያ ብጤ ወረደና አቆመ። ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ ይታይ ነበር። ሰው ከብቱን አስገብቶ፣ እራቱን በልቶ ተኝቷል። ይህን የማስቀድመው እንደኛ ሜዳ ላይ፣ ወንዝ ዳር ለምትኖሩ ሁሉ ነው። የራሳችሁን ሰማይ ብቻ አይታችሁ «ዛሬስ ደህና ነው» አትበሉ።

መንደራችን ፎገራ ሜዳ ላይ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ጉማራን ተሻግራችሁ፣ ወንዙን ይዛችሁ ወደ ጣና ስትወርዱ ታገኟታላችሁ። ጉማራ የሚነሳው ከጉና ተራራ ነው። የጉና ራስ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ጣና ያለው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ውሃው ያን ሁሉ ቁልቁለት ሲንደረደር መጥቶ እኛ ጋ ሲደርስ በአንዴ ሜዳ ያገኛል። ሜዳው እንደ ምጣድ ዝርግ ነው። የውሃው ጉልበት ይደክማል፤ ከደጋ ጠርጎ ያመጣውን አፈር እዚያው ያራግፋል። ይህ በየክረምቱ ነው። ደለሉ እየተደራረበ የወንዙ ወለል ከፍ ብሏል፤ አንዳንድ ቦታ ወንዙና ማሳው እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ነሐሴና መስከረም ላይ ደግሞ ጣና ራሱ እየሞላ ይመጣል። ያኔ ወንዙ መውጫ ያጣል። ከላይ ይገፋል፣ ከታች አይወጣም። መሀል ያለነው እኛ ነን።

አያቶቻችን እዚህ የሰፈሩት ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ሩዙንም ሽንኩርቱንም የሚያበቅለው ያው ደለል ነው። የፎገራ ላም ስሟ የተጠራው በዚህ ሜዳ ሣር ነው። «ታዲያ ለምን ለቃችሁ አትሄዱም?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይከፋኛል።

የምነግራችሁ የ2012 ዓ.ም. ክረምትን ነው። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግተው ነበር። እኔ ባሕር ዳር አስተምራለሁ፤ ሥራው ሲቆም እናቴ ጋ ገባሁ። በዚያ ክረምት ጣና ዙሪያ ያለ አገር፣ ፎገራም ሊቦ ከምከምም ደምቢያም፣ በውሃ ተመታ። እኛ ጋ የደረሰው ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ነው።

ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ አጎቴ ደወለ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጉና ግርጌ ይኖራል።

«እዚህ ሰማዩ ተቀዷል» አለኝ። «ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በረዶ ቀላቅሎ ይጥላል። እናንተስ?»

«እኛ ጋ ደህና ነው ጋሼ። ካፊያ ብቻ ነው።»

«ስልኩን ለእናትህ ስጣት።»

እናቴ ብዙ አላወራችም። «እሺ... እሺ ወንድምዬ... እግዜር ይስጥህ» ብላ ዘጋች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ያንን ወረቀቶቻችን ያሉበትን ፌስታል ከሳጥኑ አውጣ። ዛሬ የሚተኛ የለም።»

እናቴ የ1998ን ክረምት አይታለች። በዚያ ዓመት ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ወንዝ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ የጣለው ከከተማው በላይ ባለው ደጋ ላይ ነበር። ነሐሴ ላይ ደግሞ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ሞተ። የኛም ሜዳ በዚያው ክረምት ሐይቅ ሆኖ ከረመ። እናቴ ከዚያ በኋላ ወንድሟን አንድ ነገር አስማለችው። ጉና ላይ ከበድ ያለ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ሌሊትም ቢሆን ይደውላል። ላይ ማታ የዘነበ፣ እኛ ጋ ሌሊቱን ወይም ንጋት ላይ ይደርሳል። ያ ስልክ የሰጠን ጊዜ ነው ያተረፈን። ወንዛችሁ የሚነሳበት አገር ዘመድ ከሌላችሁ፣ በገበያም በማኅበርም የምታውቁትን አንድ ሰው ያዙ። ቁጥሩን አንድ ቤት ብቻ አታስቀምጡት፤ ሦስት አራት ቤት ይኑር።

ከአክስቴ ልጅ ጋር ባትሪ ይዘን ወደ ወንዙ ወረድን። ጎረቤቶችም መጡ። መጀመሪያ የሠራነው ችካል መትከል ነው። ውሃው አፍ ላይ ችካል ቸክላችሁ፣ በቢላ ምልክት አድርጋችሁ ተመልከቱት። በዓይን ብቻ ውሃ ሲጨምር አይታወቅም፤ በተለይ በጨለማ። ችካሉ ግን አይዋሽም። ሌላው ምልክት የሚንሳፈፈው ነገር ነው። መጀመሪያ ገለባና አረፋ መጣ። ቆይቶ የበቆሎ አገዳ ከነሥሩ። ቀጥሎ ግንድ። ግንድ ማየት ከጀመራችሁ ላይ ያለው ዳር እየተናደ ነው ማለት ነው። ድምፁም ይለወጣል። ሌላ ጊዜ የሚያወራ ወንዝ ሙሉ ሲሆን ዝም ይላል፤ ከዝምታው ሥር ግን የሚያጉረመርም ነገር አለ። ይህን ሽማግሌዎቹ ናቸው ያሰሙኝ። እኔ ብቻዬን ብሆን አልሰማውም ነበር።

ማዶ የባትሪ መብራት ይታያል። የሌላ ቀበሌ ሰዎች ናቸው። ክትራቸውን፣ ወንዙ ዳር የተቆለለውን አፈር፣ ይጠብቃሉ። እኛንም በጥርጣሬ ያያሉ። ጎርፍ በሌለበት አገር ያደገ ሰው ይህን አያውቀውም። ወንዝ ሲሞላ አንዱ ዳር ከተቀደደ ሌላው ዳር ይተነፍሳል። ስለዚህ ሰው ይጠረጥራል። «በጨለማ መጥተው ቢቆርጡብንስ?» ይባላል። አፈር መቆለል የሚገባው ጎልማሳ ማዶ ማዶውን እያየ ያነጋል። ከሞላ ወንዝ ይልቅ ይህ ጥርጣሬ ነው የሚያስፈራኝ። ለብዙ ጊዜ የቆየ ቂም የሚተወውም እሱ ነው።

በዚያ ሌሊት ከኛ ሽማግሌዎች አንዱ ዳር ላይ ቆመው ተጣሩ። «እናንተ ሰዎች! እናንተ ጋ የት ደርሷል?»

ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ «ሾላዋ ሥር ገብቷል!» የሚል ድምፅ መጣ።

ሾላዋ ከኛ ላቅ ብሎ ባለው ኩርባ ላይ ናት። ውሃው እሷ ሥር ከገባ እኛ ጋ ጥቂት ነው የቀረው። ያን አንድ መልስ ካገኘን በኋላ ማንም ማዶ ማየቱን ተወ። ሴቶቹ ልጆቹን ለማውጣት ሄዱ። እኛ በማዳበሪያ ከረጢት አፈር እየሞላን ወደ ደካማው ቦታ ሮጥን።

ደካማውን ቦታ ሁሉም ያውቀዋል። በጋ ላይ ሽንኩርት ለማጠጣት የውሃ ሞተር የሚተከልበት ነው። ቱቦው እንዲያልፍ ክትሩ ተቆርጦ ነበር። ሰኔ ላይ ተደፍኗል፤ ግን በላላ አፈር፣ ሳይረገጥ። ከረጢት ስንደረድር ውሃው ከላይ አልፎ ሳይሆን ከሥር ነው የወጣው። መጀመሪያ የጣት ውፍረት ያለው ምንጭ መሰለ። ውሃው የጠራ ከሆነ ገና ጊዜ አለ ይላሉ፤ የደፈረሰ ከሆነ ክትሩን እየበላው ነው። የኛ ድፍርስ ነበር። ሽማግሌው «ልቀቁት! ውጡ!» ብለው ጮኹ። ክትር ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ ይህን ካያችሁ ከረጢቱን ጥላችሁ ሂዱ። እኛ ከወጣን በኋላ ያ ቦታ ብዙም አልቆየ፤ ተገነደሰ።

የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። እዚህ ላይ አንድ ችግር ገጠመን። ጥሩንባ ሲነፋ ሰው የሚያስበው ሞት ነው። ጋቢ ለብሶ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ የወጣ ነበር። «ማነው የሞተው?» እያለ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ነበር። ውሃው ግን እየመጣ ነው። አሁን ለጎርፍ የተለየ አነፋፍ አለን፤ ሦስት ጊዜ ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ደወል አብሮ ይመታል። እናንተም በበጋ ተነጋገሩበት። ልጆች ሳይቀሩ ይወቁት።

መሸሻችን ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጉብታና አጠገቡ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ቅርብ ነው፤ በእግር ጥቂት ደቂቃ። ግን መሀል ላይ አንድ ዝቅ ያለ ቦታ አለ፤ ውሃው ቀድሞ የሚሞላው እሱን ነው። ከቤት ቶሎ የወጡት በደረቅ ተሻገሩ። የዘገዩት ጉልበታቸው ድረስ ገቡ። ጉልበት ማለት ትንሽ አይምሰላችሁ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ውሃ አስር ኩንታል ይመዝናል። ያ ክብደት እየሮጠ ነው የሚገፋችሁ። ቁርጭምጭሚት ያለፈ ፈጣን ውሃ እንኳ ትልቅ ሰው ይጥላል። እኛ ረጅም ገመድ ነበረን። ከአንዱ ባሕር ዛፍ ወደ ሌላው አሰርነው፤ ሰው እሱን ይዞ፣ በሌላ እጁ በዘንግ ከፊቱ መሬቱን እየነካ ተሻገረ። ዘንጉ ለጉድጓድ ነው። ውሃ ሥር ያለ የጉድጓድ አፍ አይታይም። አራስና አቅመ ደካማ በቃሬዛ ነው የወጣው።

አሁን የሚከብደኝን ልንገራችሁ። ከኛ መንደር አንድ ሰው አጣን። የልጆች አባት ነበር። ቤተሰቡን በሰላም አድርሶ ጉብታው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ከዚያ በሬዎቹ እንደታሰሩ ትዝ አለው። «ፈትቼ ልመለስ» ብሎ ሄደ። ሚስቱ ለመነችው፣ እኛም ያዝነው። በሬ ለገበሬ ምን እንደሆነ ለምታውቁ መናገር አያስፈልገኝም። አስከሬኑ የተገኘው ሩዝ ማሳ ውስጥ፣ ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከብቱን መፍታት የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። ከሰው ቀድሞ ማለቴ አይደለም። የጎርፍ ወሬ እንደሰማችሁ፣ ገና ደረቅ ሳለ፣ ገመዱን ፍቱት፣ የበረቱን በር ክፈቱት። ከብት ይዋኛል። የተፈታው ከብት አብዛኛው በማግስቱ ጉብታ ጉብታው ላይ ቆሞ ተገኝቷል። የሞተው የታሰረው ነው። ዶሮዎቹን ቆጥ ላይ አውጡ። ከዚያ ውጡ፤ ከወጣችሁ አትመለሱ። ሊመለስ የሚል ሰው ካለ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ አይያዘው፤ አራት ሆናችሁ ያዙት።

ሲነጋ ያየሁት መንደር የማውቀው አልነበረም። የጎጆዎቹ ክዳን ብቻ ይታያል። ቆርቆሮ ላይ የወጡ፣ ዋርካ ላይ ያደሩ ነበሩ። ከሐይቁ ዳር ያሉ ሰዎች በታንኳ ደረሱልን። የደንገል ታንኳ ትንሽ ናት፤ ሁለት ሦስት ሰው ከያዘች ሞላች። ግን ጭቃ ላይም እንጨት ላይም ትሄዳለች፤ ብትነካ አትሰበርም። ማንም ሳይልካቸው ነው የመጡት። በረሃብም በዝናብም ሲመላለሱ ዋሉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም እንጂ አንዱንም አልረሳውም።

ትምህርት ቤቱ ተማሪ ስላልነበረው ሰው በየክፍሉ ገባ። እድሩ ድንኳኑን፣ ብረት ድስቱንና ምንጣፉን አወጣ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የመገበን ከጉብታው በላይ ያለው መንደር ነው፤ በየቤቱ እንጀራ ጋግሮ አወረደ። የመንግሥት እህል ከዚያ በኋላ መጣ። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ መንገዱ ተቆርጦ ነበር። እናንተም የመጀመሪያዎቹን ቀናት በራሳችሁ እንደምትችሉ አድርጋችሁ አስቡ።

ውሃው ሲጎድል ሰው አለቀ ብሎ ያስባል። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ግን ብዙ ነው።

መጀመሪያ የሚጠጣ ውሃ ነው። ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ መጸዳጃ ቤቱም በረቱም ገብቶበታል። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በተለምዶ አተት የሚባለው፣ የሚነሳው ከዚህ ነው። ውሃ አጋር የሚሉትን ማከሚያ የምትጠቀሙ ከሆነ በደፈረሰ ውሃ ላይ እንዲሁ አታፍስሱት፤ ጭቃው ኃይሉን ይጨርስበታል። ውሃው ይርጋ፣ በንጹሕ ነጠላ ይጠለል፣ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ማከሚያ ከሌለ እስኪንተከተክ አፍሉት፣ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ጉድጓዱ ተቀድቶ፣ ጭቃው ወጥቶ፣ በጤና ባለሙያ ሳይታከም አትጠጡለት። ለሕፃናት ከፋርማሲም ከጤና ኬላም ኦ አር ኤስ፣ ተቅማጥ ለያዘው በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት፣ አስቀምጡ።

ቤት ስትገቡ በቀን ግቡ፤ በዘንግ እየነካካችሁ። እባቡም ጎርፍ ሸሽቶ ነው የገባው። አልጋ ሥር፣ ጆንያ መሀል፣ ክዳን ላይ ታገኙታላችሁ። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ውሃው ከጎደለ በኋላም ሊወድቅ ይችላል። ልጆች ግድግዳ ሥር አይቀመጡ።

እህሉ። ጎታ ውስጥ የነበረው ከታች ረጥቦ ከላይ ደረቅ ነበር። ደረቁን ቶሎ ለይታችሁ አውጡ። የረጠበውን በዚያው ቀን ፀሐይ ላይ በሸራ አስጡት፤ ያደረ እርጥብ እህል ይሞቃል፣ ከዚያ ይሻግታል። የሻገተው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ጉበት ይጎዳል፣ በመቀቀልም አይጠፋም። እናቴ ለዓመት ያስቀመጠችውን ጤፍ ስትደፋ እያለቀሰች ነበር። ግን ደፋችው።

ማሳ ላይ ያለው ሩዝ ውሃ ይወዳል እንጂ ሙሉ በሙሉ ተውጦ መሰንበት አይችልም። ራሱን ከውሃ በላይ ያወጣው ተረፈ። የተዋጠውና አሸዋ የተጫነበት ሞተ። ውሃው የሸሸበት ጥቁር መሬት ላይ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ተዘራ፤ አያቶቻችንም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ስለ ጓያ ግን አደራ። ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ብቻ ይተርፋል፤ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይያዛል፣ «ጓያ ሰበረው» የሚባለው ይህ ነው። አይድንም። በተለይ ወጣት ወንዶችን ያጠቃል። ከሌላ እህል ጋር አመጣጥኑት፤ ጓያ ሸጣችሁ ሌላ መግዛት ከቻላችሁ ሽጡት።

ወባውም አለ። ኩሬው ሳይደርቅ ሁለት ሳምንት ካለፈ ትንኙ ይደርሳል። አጎበር ከቤት ስትወጡ የምትይዙት ዕቃ ውስጥ ይግባ። አጎበሩን ትተው የወጡ ቤቶች በጥቅምት ታማሚ በዝቶባቸዋል።

ስለዚያ የወረቀት ፌስታል ልመለስ። የመሬት ደብተር፣ መታወቂያ፣ የጤና መድህን ደብተር፣ የልጆች ካርድ፣ የባንክ ደብተር ሁሉም በሁለት ፌስታል ታስሮ፣ አፉ በተቆረጠ ትንሽ ጀሪካን ውስጥ ነበር። ለእርዳታ ምዝገባ ሲመጡ እኛ አልተቸገርንም። የተቸገሩት የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ናቸው። ዝርዝሩ በመሬት ደብተር ስለተሠራ ባለመሬቱ ተመዘገበ፣ ላቡን ያፈሰሰው አራሽ ቀረ። በኋላ ሽማግሌ ተልኮ፣ ብዙ ተለምኖ ነው የተስተካከለው። ይህ ዛሬም ያናድደኛል። የእኩል አራሽ ከሆናችሁ ከመዝራታችሁ በፊት ሁለት ምስክር ያለበት ወረቀት ያዙ። ማሳችሁንም፣ ቤታችሁንም፣ የሞተ ከብታችሁንም በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ጭቃው ሳይጠረግ።

ያ የሞተር ቱቦ ቦታ አሁን በድንጋይና በተረገጠ አፈር ተዘግቷል። ቱቦ የሚፈልግ ሰው በክትሩ ላይ ያሳልፋል እንጂ አይቆርጠውም። በሰኔ ሚካኤል፣ ወንዙ ገና ቀጭን ሳለ፣ ከማዶ ሰዎች ጋር ሁለቱንም ዳር አብረን እንሄድባቸዋለን። የላላ ካለ በደቦ ይደፈናል፤ የእነሱን እኛ፣ የኛን እነሱ ያያሉ። ሌሊት ላይ የሚደዋወሉ ሰዎች ቁጥር ያን ቀን ይታደሳል። እናንተ ጋ ወንዝ ካለ ሰኔ 12 ከመድረሱ በፊት ማዶ ያሉትን ሰዎች ጥሩና አብራችሁ ዳሩን እዩት።